ለእድር ዳኞችና ለሠፈር ሽማግሌዎች

አብራችሁኝ ያረጃችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ልቤ ስላላረፈ ነው። ሰው ሲሞትብን ጡሩምባው በሌሊት ይነፋል፣ ድንኳኑ ሳይነጋ ይተከላል፣ የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቀብርን እንዲህ በሥርዓት የያዝን ሰዎች ግን ነፍስ ሳትወጣ ለማን እንደሚደወል በቃላችን የያዝነው ጥቂቶች ነን።

በአዲስ አበባ ለየችግሩ የየራሱ መስመር አለ። ለእሳት 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991 ይደወላል፤ መብራት ሲጠፋ 905፣ ውኃ ሲቋረጥ 906 አለ። የፊተኞቹ ሦስቱ ጊዜ ለማይሰጥ ችግር፣ የኋለኞቹ ሁለቱ እስከ ነገ መቆየት ለሚችል ናቸው፤ ይህን ልዩነት ያልለየ ሠፈር በጭንቅ ቀን በሩን እያየ መውጫ ያጣል።

በእኛ ሠፈር አንድ ምሽት ከቆጣሪ የተነሣ እሳት የማድ ቤት ጣራ ሲይዝ አይቻለሁ። አባወራው ነገሩ የመብራት ነው ብሎ ወደ መብራት ኃይል ደወለ፣ ልጁ አጎቱን ጠራ፣ ጎረቤት ባልዲ ይዞ ሮጠ፣ ወጣቶቹ ቆመው ቀረጹ። ያ ሁሉ ሰው ስልክ ይዞ ሳለ 939 ላይ የተደወለው ጣራው ከተደረመሰ በኋላ ነበር፤ የደወለውም «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፣ ቶሎ ድረሱ!» ብሎ ዘጋው። የትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው ወረዳ፣ መኪናው በየት በኩል ቢመጣ እንደሚያልፍ አልተናገረም።

ከዚህ የባሰ የሚያስፈራኝ ደግሞ መስመሩን መቀለጃ ማድረጋችን ነው። ሕፃን ስልክ ይዞ 939 ሲነካካ ስቀን እናልፋለን፤ መብራት መቼ እንደሚመጣ ለመጠየቅ የእሳት አደጋ ሠራተኛን የሚያስጨንቅም አለ። በሐሰት ጥሪ የወጣ መኪና ግን ለእውነተኛው እሳት ሩቅ ነው፣ በከንቱ ወሬ የተያዘም መስመር ለምትጮኽ እናት ዝግ ነው፤ የዛሬው ሳቅ ነገ በማን ደጅ ለቅሶ እንደሚሆን ማንም አያውቅም። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት የእሳት አደጋ መኪኖችን እንዴት እንዳስቸገረ ሰምታችኋል። መንገዱን ዛሬውኑ ማስፋት አንችል ይሆናል፤ በተሳሳተ ቁጥር የምናባክነው ደቂቃ ግን በእጃችን ያለ ነው።

ገና አልመሸም። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ ከመዋጮው በፊት፣ እነዚህ ቁጥሮች በጉልህ ተጽፈው በየቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፉ ወስኑ። የሚደውል ሰው ወረዳውንና የታወቀ ምልክት ተናግሮ፣ የሚጠየቀውን መልሶ፣ ዝጋ ሳይባል እንዳይዘጋ፣ አንድ ጎረምሳም አስፋልት ድረስ ወጥቶ መኪናውን እንዲመራ አሁኑኑ አስለምዱ። ልጆቻችሁንም ዛሬ ማታ አስቀምጣችሁ ምከሩልኝ፤ አደራ።