ጨረቃን በዜማ መናገር ነውር ነውን?

የሳይንስ ልብ ወለድ በዘፈን ተቀነባብሮ በትያትር መድረክ ላይ ሲታይ፥ «ዕውቀት ለቧልት ተሰጠ» እያሉ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ። ሌሎችም፥ «ይህ የባዕድ ጨዋታ ነው፤ እንደ መርጡለ ማርያም ላለ የደጋ አገር ተማሪ ምን ይፈይድለታል?» ይላሉ። እኛ ሁለቱንም ነቀፋ አንቀበልም።

ዕውቀትን ከዜማ ጋራ ማኖር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እቴጌ እሌኒ ካሳነጹት ደብር አጠገብ ያደገ ሰው፥ በማሕሌት ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ቃሉን ሲያከብሩት እንጂ ሲያቃልሉት አላየም። ጨረቃም ብትሆን የባዕድ ንብረት አይደለችም። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ በ19 ዓመት የሚመላለሰውን ሒሳቧን ይማራል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሞሉም ጠንቅቆ ያውቃል።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1875 ኦፈንባክ በፓሪስ ስለ ጨረቃ ጉዞ የሙዚቃ ትያትር ባሳየ ጊዜ፥ ሰዎች በመድፍ ተተኩሰው ወደ ጨረቃ ሲሄዱ ማየት ለሣቅ የቀረበ ነገር ነበር። ነገር ግን 94 ዓመት ሳይሞላ፥ በ1969፥ ሰው ጨረቃን ረገጣት። እንግዲህ የትናንቱ ሣቅ የዛሬ ታሪክ ሊሆን እንደሚችል ማን ይክዳል?

በ1959 ደግሞ ስዊድናዊው ብሎምዳል «አኒያራ» የተባለውን የሃሪ ማርቲንሰንን ረጅም ግጥም ኦፔራ አድርጎ በስቶክሆልም አቀረበው። ከተበላሸችው ምድር ወደ ማርስ የሚሰደዱ ሰዎች መርከባቸው መንገድ ስታባቸው በጠፈር ውስጥ መመለሻ ያጣሉ። ይህን የተመለከተ ሰው የሚያስበው ስለ መርከቢቱ ሞተር አይደለም፤ «ምድራችንን ምን አደረግናት?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። የእርሻ አፈር በየክረምቱ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ዓባይ ሲወርድ እያየ ያደገ የጎጃም ልጅ፥ ይህ ጥያቄ ሩቅ ነው ይባልበታልን?

ሰሙ የጠፈር ጉዞ፥ ወርቁ የሰው ጠባይ ነው። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር ይህን ከማንም ቀድሞ ሊረዳው ይገባ ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አውሬዎችን በመድረክ ላይ ባናገሩ ጊዜ፥ ተመልካቹ ወርቁን ፈጥኖ ስላገኘው ትያትሩ ታገደ። ቧልት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር?

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪያችን ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ለፈተና ያቀርባል፤ ስለ ነገሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲከራከርበት ግን የምንሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ያልተከራከሩበት ዕውቀት ደግሞ ከፈተናው አዳራሽ አልፎ አይሄድም።

ስለዚህ የሳይንስ መምህርና የአማርኛ መምህር አብረው ይቀመጡ፤ ተማሪዎቻቸውም በአማርኛ ይድረሱ፥ ያዚሙ፥ ይጫወቱ። ለዚህ የሚያብረቀርቅ መብራትና ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማሲንቆ፥ ዋሽንት፥ ከበሮ በእጃችን ናቸው። «ገንዘብ የለም» የሚል ምክንያት በዚህ ላይ አይሠራም። የጐደለው ፈቃድ ነው።