ባለቤት የሚቀያይሩ መኪኖች

የአንድ ሰው መኪና ከዕድሜው፣ ከገቢውና ከቤተሰቡ ስፋት ጋር እየተለወጠ ይሄዳል የሚለው አስተሳሰብ በአሜሪካ የጎለመሰ ሲሆን፣ ግልጽ የንግድ ስልት ሆኖ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አልፍሬድ ስሎን የጄኔራል ሞተርስን ኩባንያ ይመራ በነበረበት ጊዜ ነው። ኩባንያው በሥሩ የሚያመርታቸውን መኪኖች በዋጋ ቅደም ተከተል አስቀምጦ፣ ገና ሥራ የያዘ ወጣት በሸቭሮሌ እንዲጀምር፣ ኑሮው ሲደላደል ወደ ፖንቲያክ፣ ቀጥሎም ወደ ኦልድስሞቢልና ወደ ቢዊክ እንዲሻገር፣ የተሳካለት ደግሞ ካዲላክ ላይ እንዲደርስ አድርጎ ገበያውን አደራጀ። ፍራንኮ ሞዲግሊያኒና ሪቻርድ ብረምበርግ እ.ኤ.አ. በ1954 ያቀረቡት የሕይወት ዑደት መላምት፣ ይኸውም ሰው በወጣትነቱ ተበድሮ፣ በጉልምስናው ቆጥቦ፣ በስተርጅናው ያጠራቀመውን እያወጣ ፍጆታውን በዕድሜው ሁሉ ለማስተካከል ይሞክራል የሚለው ትንታኔ፣ ለዚህ ዓይነቱ የመኪና ታሪክ ተስማሚ ማብራሪያ ይመስላል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ አንደኛው ወጣቱ የወደፊት ደመወዙን ተማምኖ ብድር የሚሰጠው ባንክ ማግኘቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው መኪናው በየዓመቱ ዋጋው እየወረደ ሄዶ በመጨረሻ የሚጣል ዕቃ መሆኑ ነው። በአዲስ አበባ ሁለቱም የሉም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመኪና ብድር በአመዛኙ የባንክ ሠራተኞችና ጠንካራ ዋስትና ያላቸው ነጋዴዎች ዕድል ሆኖ በመቆየቱ፣ ሌላው ነዋሪ የመጀመሪያ መኪናውን የሚገዛው እቁብ ሲደርሰው፣ የቤተሰብ ይዞታ ሲሸጥ ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ ሲያግዘው ነው፤ በዚህም ምክንያት መኪና ከመጀመሪያው ሥራ ጋር የሚመጣ መሆኑ ቀርቶ ትዳርና ልጆች ከመጡ በኋላ የሚደረስበት ነገር ይሆናል። የመኪናው ዋጋ ደግሞ አይወርድም፤ ለዓመታት የተነዳ ቶዮታ ቪትዝ ከተገዛበት በላይ በሆነ ብር ሲሸጥ የከተማው ነዋሪ ብዙም አይደነቅም።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ሁኔታ ጥያቄውን መገልበጥ ይገባል። አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ ስንት መኪና ቀየረ ከማለት ይልቅ፣ አንድ መኪና በዘመኑ በስንት ሰዎች ሕይወት ውስጥ አለፈ ማለቱ የበለጠ ያስረዳል። በንጉሡ ዘመን ለአንድ ጀማሪ ሐኪም ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የተገዛ ቮልስ፣ ማለትም ሞተሩ ከኋላ የሆነውና በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስዋገን፣ በደርግ ዘመን የመምህር፣ ከዚያ በኋላ የጡረተኛ፣ ዛሬ ደግሞ አሮጌ መኪና አድሶ መያዝ የሚወድ ወጣት ንብረት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በፊያት 124 ንድፍ ላይ ተመሥርታ በሶቪየት ኅብረት የተመረተችው ላዳም ከዚያ ቀደም የታክሲ ሥራውን ይዞ የነበረውን ፊያት ሰይቼንቶ ተክታ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ተቀብታ ስትሠራ፣ ሾፌሩ አርጅቶ ልጁ መሪውን ሲረከብ እርሷ ግን በሥራዋ ላይ ቀጥላለች። ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተመርቶ፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ልጆች መንጃ ፈቃድ አውጥተው ሊገዙት የሚፈልጉት መኪና ሆኖ መዝለቁ ከአምራቹ ዕቅድ ውጭ የሆነ ነገር ነው።

አንድ መኪና እንዲህ ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት ዋነኛ ምክንያት ከሰዎች ጠባይ ይልቅ በግብር ሕግ ውስጥ ይገኛል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307፣ ኤክሳይዝ የሚባለውን በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣለውን ታክስ ለመኪና ሲወስን መለኪያው የሞተሩ ይዘት፣ በተለምዶ ሲሲ የሚባለው ነበር፤ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ 100 በመቶ ይከፈል ነበር። ግብሮቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ነው የሚሰሉት። ወደብ ላይ 100 ብር የተገመተ ባለ 1,300 ሲሲ መኪና 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲታከልበት 135፣ ኤክሳይዝ ሲጨመር 175 ከ50 ሳንቲም፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና በኋላ የመጣው 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲደረቡበት 222 ብር ገደማ ይደርሳል፤ ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ ያለፈው መኪና ግን በዚያው ስሌት 341 ብር ይሻገራል። የአንዱ የያሪስ ወይም የቪትዝ ሞተር ይዘት 1,298 ሲሲ መሆኑን ከዚህ ስሌት ጎን ያስቀመጠ አንባቢ፣ የአዲስ አበባ ጎዳና ለምን በዚያ ዓይነት ትንንሽ መኪኖች እንደተሞላ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ሦስት ልጆች ያሉት አባትና ላጤው ጎረቤቱ አንድ ዓይነት መኪና የሚነዱት ፍላጎታቸው አንድ ስለሆነ አይደለም፤ የታሪፍ ሠንጠረዡ ለሁለቱም የሰጠው መልስ አንድ ስለነበረ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ይህን ስሌት ከመሠረቱ ለወጠው። ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠ አዲስ መኪና የሚከፍለው ኤክሳይዝ ወደ 5 በመቶ ሲወርድ፣ ሰባት ዓመት ባለፈው ያገለገለ መኪና ላይ የተጣለው ከ400 በመቶ በላይ ሆነ። ቀደም ሲል በተሠራበት ስሌት፣ 100 ብር የተገመተ አሮጌ መኪና ከ850 ብር በላይ ሆኖ ይገባል ማለት ነበር። ዓላማው ብክለትንና አደጋን መቀነስ እንደነበረ አይካድም፤ ሆኖም አገር ውስጥ የነበሩት አሮጌ መኪኖች ከመንገድ አልወጡም፤ ተተኪ ስላልመጣላቸው ይልቁን ተወደዱ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም መኪና ያለው ሰው ንብረቱ በብር ሲተመን ሲያድግ፣ በእቁብ ሲቆጥብ የነበረው ሰው ግብ ደግሞ ይበልጥ ራቀ።

መኪናው ዕድሜ እንዲያገኝ ያደረገው ሌላው ነገር የጥገናው ሙያ ነው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበትን የአዲስ አበባውን ሶማሌ ተራ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ መኪና በካምቢዮ፣ በፍሪሲዮን፣ በበርና በኮፈን ተበታትኖ ሌሎች ብዙ መኪኖችን ያኖራል። ደላላው ለገዢ የሚናገረው ስለ ሻጩ ሳይሆን ስለ መኪናው የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሞተሩ ያልተከፈተ መሆኑን፣ ቀለሙ ያልተነካ መሆኑን፣ የታርጋው ፊደል ኤ ወይም ቢ መሆኑን ይዘረዝራል። ታርጋው ከመኪናው ጋር ስለሚሸጥ ፊደሉና ቁጥሩ መኪናው በግምት መቼ እንደተመዘገበ ይናገራሉ። ሊብሬ የሚባለው የባለቤትነት ደብተር ላይ የሰዎች ስም ይቀየራል፤ የሻንሲው ቁጥር ግን ያው ነው።

ለብዙ የተማረ ሰው ደግሞ በሕይወቱ የነዳው ትልቁ መኪና የራሱ ሆኖ አያውቅም። በመንግሥት ሥራ ወደ ላይ የወጣ ባለሙያ በጉልምስናው የመንግሥት ታርጋ የተለጠፈበት ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ ይመደብለታል፤ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን አስረክቦ ወደ አሮጌው ኮሮላው ወይም ወደ ሚኒባስ ሰልፍ ይመለሳል። የስሎን ቅደም ተከተል ካዲላኩን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ፣ እዚህ ግን ካዲላኩ መሐል ላይ ይመጣና ይሄዳል። በአንጻሩ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያልፉበት መንገድ ወደ ስሎን ሐሳብ የቀረበ ነው፤ ብድሩ ስላለ በታክሲ ሥራ የጀመረው ሰው ልጆች ሲወልድ ሲየና ወይም ኦዲሲ የመሰለ የቤተሰብ ቫን ይገዛል፤ ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡም ይሸጠዋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያስታውቅ፣ ይህ የቆየ ሥርዓት ከዚህ በፊት ያላየው ነገር ገጠመው። በ2014 ዓ.ም. በተሰጠው የታክስ ማበረታቻ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኖ 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ስለተወሰነ፣ ቢዋይዲና የቮልስዋገን አይዲ 4 በአጭር ጊዜ ውስጥ የከተማዋ የተለመዱ መኪኖች ሆኑ። በመጠናቸውም በምቾታቸውም ከቪትዝ የሚሻሉ መሆናቸው አያከራክርም፤ ጓሮ ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር ባለቤትም ማታ ሰክቶ ጠዋት ይነሣል፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ግን የኃይል መሙያ ጣቢያ ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የባትሪው ጉዳይ ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ይታደሳል፣ ተመልሶ ይጫናል፤ የሊቲየም ባትሪ ግን በየዓመቱ የመያዝ አቅሙ እየቀነሰ ስለሚሄድና አዲሱ ከመኪናው ዋጋ ከፍተኛውን ድርሻ ስለሚይዝ፣ የቮልስ ወይም የዲኤክስ ዓይነት ረጅም ዕድሜ ከዚህ ትውልድ መኪኖች መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ይህ የመጀመሪያውን ገዢ ብዙም አይጎዳውም። የሚጎዳው እስካሁን መኪና የሚደርሰው በሁለተኛ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ባለቤትነት ብቻ የነበረው መምህር፣ ነርስና አነስተኛ ነጋዴ ነው፤ ምክንያቱም ሊገዛ በሚችልበት ዋጋ የሚመጣለት መኪና ባትሪው የደከመ ይሆናል፤ ምን ያህል እንደደከመም በዓይን አይታይም። ለቦሎ በየዓመቱ በሚደረገው የቴክኒክ ምርመራ የባትሪው ቀሪ አቅም በመቶኛ ተለክቶ ሊብሬው ላይ እንዲሰፍር ቢደነገግ፣ ገዢው ከደላላው ቃል ሌላ የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።