ቡናው ከምሳ ትንሽ ይራቅ

ቡና ወዳድ ነኝ፤ አቦል፣ ቶናና በረካውን ሳልጨርስ ከረከቦቱ አልነሳም። ምሳ እንደተበላ ወዲያው መጠጣቱን ግን እቃወማለሁ። የጤፍ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላ፣ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ከሽሮው ጋር የምንገምጠው ጥሬ ቃሪያም በቫይታሚን ሲው ያግዛል። ይህ ሁሉ ከተደከመበት በኋላ በላዩ የሚጠጣ ቡና ከምግቡ የምናገኘውን ብረት ይቀንስብናል። ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ቤት ቡናው ከምሳ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ይፈላል። ልጆቹ የገብስ ቆሎውን ያቀርባሉ፤ ስልኮቻችን ሌላ ክፍል ይቆያሉ። ያኔ ሰው ሰውን ያያል፣ የሆዱን ያወራል። የቤት ኪራይ ሲጨመርብን ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር መላ የመታነውም እዚያው፣ ቶናው ላይ ነው።