ለምን በእንግሊዝኛ ትመልሳላችሁ?

ሲያትል ውስጥ ብዙ ወላጆች እንዲህ ሲሉ እሰማለሁ፦ «ልጄ አማርኛ ይሰማል፤ ሲያናግሩት ግን በእንግሊዝኛ ይመልሳል።» አንዱ «ስንፍና ነው» ይላል፤ ሌላው «ንቀት ነው» ይላል። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። አንድ ፕሮግራም ያልጠበቅሁትን ውጤት ሲሰጠኝ አልቆጣውም፤ ምን እንደገባበት አያለሁ። ስለ ሰውም እንዲህ የሚጠይቅ ትምህርት አለ፤ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ይባላል።

የዚህ ትምህርት ታላቅ ሰው ኩርት ሌዊን ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ከጀርመን ወደ አሜሪካ መጣ። በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ድርጊት ከሁለት ነገሮች እንደሚመጣ ጻፈ፦ ከሰውየው ከራሱና ካለበት ሁኔታ። ስለዚህ «ልጁ ምን ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «የት ነው? ከማን ጋር ነው?» ብለንም እንጠይቅ። ለዚህ የሚረዱ ሦስት መነጽሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ አይቶ መማር ነው። አልበርት ባንዱራ በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 72 ትንንሽ ልጆችን አጠና። ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲመታ ያዩ ልጆች፣ ካላዩት ይልቅ እነሱም አብዝተው መቱ። እናትና አባት እርስ በርሳቸው በእንግሊዝኛ እያወሩ ልጃቸውን «አማርኛ ተናገር» ቢሉት፣ ልጁ የሚከተለው የሚያየውን ነው።

ሁለተኛው፣ የአስተሳሰብ መነጽር ነው። እዚሁ ሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ በ1998 አንድ የኮምፒውተር ፈተና አስተዋወቁ። ፈተናው ሰው ሁለት ነገሮችን በአእምሮው ምን ያህል እንደሚያያይዝ በመልሱ ፍጥነት ይለካል። ብዙውን ነገር የምናያይዘው ሳናስበው ነው። አማርኛ ሲባል ቁጣና እርማት ብቻ ትዝ የሚለው ልጅ ዝም ቢል አይገርምም። ሳቅና ተረት ትዝ የሚለው ግን ለመናገር ይደፍራል።

ሦስተኛው፣ የቡድን ተጽዕኖ ነው። ሰሎሞን አሽ በ1950ዎቹ ሰዎችን ስለ መስመር ርዝመት ጠየቀ። መልሱ በዓይን ይታያል። ሆኖም የቀሩት ሁሉ ሆን ብለው ሲሳሳቱ፣ ተፈታኞቹም ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል አብረው ተሳሳቱ። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ሲናገር ግን ተጽዕኖው በጣም ቀነሰ። አሽ ራሱ ስደተኛ ነበር። ዋርሶ ተወልዶ በ1920 በልጅነቱ ኒው ዮርክ ገባ፤ እንግሊዝኛን የተማረው የቻርልስ ዲከንስን መጻሕፍት እያነበበ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። አያቱ ከጎንደር ሲደውሉ «ደህና ነኝ» ብቻ ብሎ ስልኩን ለእናቱ የሚሰጥ ልጅ፣ አያቱን ሳያውቃቸው ያድጋል። እሳቸውም የልጅ ልጃቸውን አያውቁትም።

እናንተ ወጣቶች፣ በሬኒየር ቢች የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ስትገናኙ ሁሉም እንግሊዝኛ ሲያወራ ብቻችሁን አማርኛ መጀመር ያሳፍራል። ግን አንድ ጓደኛ ይበቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ? በዚህ ሳምንት ከአንድ ጓደኛችሁ ጋር ለ10 ደቂቃ በአማርኛ ብቻ አውሩ። ስትሳሳቱ ሳቁና ቀጥሉ። ወላጆች ደግሞ ለእነዚያ 10 ደቂቃዎች እርማቱን ተዉላቸው።

የሳምንቱ ቃላት
ተጽዕኖ፦ አንድ ሰው ወይም ነገር በሌላው ላይ ለውጥ የሚያመጣበት ኃይል።
ማያያዝ፦ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ማገናኘት።
መድፈር፦ ሳይፈሩ አንድን ነገር ማድረግ።