ሳይለኩ አይለውጡ፣ ሳይበርድ አይንኩ

ጧት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ወደ ሥራ ለመግባት ሲጣደፉ መኪናው አልነሣም እያለ የሚያስቸግርዎት፣ ከተነሣም በኋላ ጥቁር ጭስ እያወጣ የሚንቀጠቀጥ፣ ቤንዚኑም ከወትሮው ቀድሞ የሚያልቅብዎት ከሆነ የዛሬው ዝግጅታችን ለእርስዎ ነው።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም መኪናው ወደ ጋራዥ ይወሰዳል። በመጀመሪያ ካንዴላው ይለወጣል። ቀጥሎ የቤንዚኑ ፓምፕ ይለወጣል። ችግሩ ግን እንደ ነበረ ይመለሳል፤ ለልጆች ደብተርና ጫማ የታሰበው ገንዘብም በዚያው ቀልጦ ይቀራል። ለዚህ ሁሉ ጣጣ ምክንያት ሆኖ አልፎ አልፎ የሚገኘው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዕቃ ነው። ይኸውም የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ነው። ኮፈኖ ከፍቶ ማየት የወንዶች ድርሻ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ትተን የዚህን ዕቃ ሥራና አለዋወጥ እንመልከት።

እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱ መጋሉን ሳታረጋግጥ ሊጥ አታፈስም። ሞተርም እንዲሁ ነው። የመኪናው ኮምፒዩተር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ የሚወስነው ሞተሩ መብረዱን ወይም መሞቁን አውቆ ነው። ለበረደ ሞተር ብዙ፣ ለሞቀ ሞተር ጥቂት ቤንዚን ይሰጣል። ወሬውን የሚያደርስለት ሴንሰሩ ነው። ይህ አሠራር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን የቤንዚን መርጫ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በቮልስዋገን 1600 መኪና ላይ ሲያወጣ የሙቀት መለኪያው አብሮት ነበር።

ሴንሰሩ ሲያረጅ የተሳሳተ ወሬ ያቀብላል። ሞተሩ ግሎ ሳለ «ገና በርዷል» ካለ ኮምፒዩተሩ ያለ መጠን ቤንዚን ያፈሳል፤ በድሮው መኪና ቾኩ ተስቦ እንደ ተረሳ ያህል ማለት ነው። ሳይቃጠል የሚተርፈው ቤንዚን ከኪስ ከሚወስደው ገንዘብ በተጨማሪ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል፤ በጭስ መውጫው ላይ ያለውን ውድ የጭስ ማጣሪያም ያበላሻል። በተቃራኒው ጧት በርዶ ሳለ «ሞቋል» ካለ ደግሞ ቤንዚን ስለሚያንሰው ሞተሩ አልነሣም ይላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ምልክቶች ከሌላ ብልሽትም ሊመጡ ስለሚችሉ በግምት ዕቃ መግዛት አይገባም። አስቀድመው ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ። አንደኛ፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ የኩላንቱን መጠን ይመልከቱ፤ ከጎደለ ሴንሰሩ አየር ላይ ስለሚቀር ልክ አይናገርም። ሁለተኛ፣ ወደ ሴንሰሩ የሚሄደውን ሽቦ ይዩ። አይጥ በልታው፣ ወይም መሰኪያው አረንጓዴ ዝገት ይዞት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ይለኩ። በክሩስኮቶው ላይ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት ከበራች በስልክ የሚነበበው ትንሽ የመመርመሪያ መሣሪያ ይጠቅማል። «ፒ 0117» ወይም «ፒ 0118» የሚል ቁጥር ካሳየ ችግሩ ከዚህ ሴንሰር ወይም ከሽቦው ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሙቀቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተቀራራቢ መሆን አለበት። መሣሪያው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ካሳየ መስመሩ ተቋርጧል ማለት ነው።

መሣሪያው ከሌለዎት በተራ ቴስተር መለካት ይቻላል። ቁልፉን አጥፍተው፣ መሰኪያውን ነቅለው፣ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርገው የሴንሰሩን ሁለት እግሮች ይንኩ። በብዙ የቶዮታ መኪኖች በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ያህል ያሳያል። ሙቀቱ ሲጨምር ቁጥሩ መቀነስ አለበት። ቁጥር ከጠፋ ወይም ከዚህ እጅግ ከራቀ ሴንሰሩ አርጅቷል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለዚህ ሥራ የሚስማማው መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ያደረበት የእሑድ ጧት ነው። አደጋው ያለው ከችኮላ ላይ ነውና ይህን አጥብቀን እናሳስባለን። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር ውሃ ከዚህ በላይ ሞቆ የማይንተከተከው በራዲያተሩ ክዳን ታፍኖ ስለሚቆይ ነው። ክዳኑ ወይም ሴንሰሩ በትኩሱ ሲፈታ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊትና እጅ ላይ ይፈነዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ የአንድ ሰዓት ጥድፊያ የዕድሜ ልክ ጠባሳ ያተርፋል።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው ፍሬን ይያዙ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ይፍቱ። ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ትልቁ የውሃ ጎማ ከሞተሩ ራስ በሚወጣበት አካባቢ ነው። በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። ባለ አንድ ሽቦው ለክሩስኮቶው ጌጅ ሲሆን እኛ የምንፈልገው ባለ ሁለት ሽቦውን ነው። ከሥሩ ንጹሕ ሳፋ አስቀምጠው ከራዲያተሩ ጥቂት ኩላንት ያውጡ። የመሰኪያውን መቆለፊያ ተጭነው ይንቀሉ እንጂ ሽቦውን ይዘው አይጎትቱ። በቪትዝና በመሰል ቶዮታዎች 19 ቁጥር ረዘም ያለ ቡሶላ ይበቃል። በአዳዲስ መኪኖች አንዳንዱ ሴንሰር የሚያዘው በጥርስ ሳይሆን በሽቦ መቆንጠጫ ነው።

አሮጌውን ፈተው ካወጡ በኋላ ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ፤ ጥርሱ፣ ርዝመቱና መሰኪያው አንድ መሆን አለበት። አሮጌውን ሮንዴላ ወይም የጎማ ቀለበት መልሰው አይጠቀሙ። አዲሱን መጀመሪያ በጣትዎ ያዙሩት፤ በቀላሉ ካልገባ ጠሟልና አውጥተው እንደገና ይጀምሩ። በመጨረሻ በቡሶላው በልኩ ያጥብቁ። የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ስለሆነ ያለ ልክ የጠበቀ ጥርሱን ይበላል።

ከዚህ በኋላ መሰኪያውንና ባትሪውን መልሰው ኩላንቱን ቀስ ብለው ይሙሉ። ክዳኑ እንደ ተከፈተ ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት። አረፋ እየወጣ መጠኑ ሲወርድ ይጨምሩ፤ ሞተሩ ሳይግል ግን ይክደኑ። በአቅራቢያዎ ነድተው የሙቀቱን ጌጅ ይከታተሉ፤ በሴንሰሩ ዙሪያ የሚንጠባጠብ ነገር መኖሩንም ይዩ። በማግሥቱ ጧት በርዶ ሳለ መጠኑን ዳግመኛ ይመልከቱ።

ለእናቶች ሁሉ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ኩላንት በአብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ አለበት። ቀለሙ የሚያምር፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ልጆችን ያታልላል፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ይገድላልም። ስለዚህ በውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ፈጽሞ አያስቀምጡ። ሳፋውንም ለልብስ ወይም ለምግብ ዕቃ መልሰው አይጠቀሙበት። ወለል ላይ የፈሰሰውን ወዲያው ያጽዱ። ልጅ ከቀመሰ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ ዕቃውን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ይሩጡ።

እዚህ ላይ ወሰንን ማወቅም ብልኅነት ነው። ጌጁ ወደ ቀዩ ከወጣ መኪናውን ያቁሙ፤ ይህ የባለሙያ ጉዳይ ነው። ሴንሰሩ ዝጎ አልፈታ ካለ ወይም የተሰካበት ፕላስቲክ ከተሰነጠቀም በጉልበት አይታገሉ።

በመጨረሻም፣ ሥራውን ራስዎ ባይሠሩት እንኳ ያነበቡት ከንቱ አይቀርም። በሚቀጥለው ጊዜ ጋራዥ ገብተው ይህ ይለወጥ፣ ያም ይለወጥ ሲባሉ፣ «ለክታችሁታል ወይ? ስንት አሳየ?» ብለው ይጠይቁ። መልካም መካኒክ ጥያቄውን አይጠላውም፤ ቁጥሩን ያሳይዎታል። ቁጥሩን ሳያሳይ ዋጋ ለሚቆርጠው ግን ቦርሳዎን ለመክፈት አይቸኩሉ።