ርዕሰ አንቀጽ፦ ስጦታ ከሽያጩ ይጀምራል



እንደሚታወቀው ክረምት ሊገባ ሲል ማኅበራችን የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ ይዞ የየሱቁን፣ የየጋራዡንና የየመኪና መሸጫውን በር ያንኳኳል። ለአቅመ ደካሞች ብርድ ልብስ፣ ለልጆች ደብተርና እስክርቢቶ፣ ጣራቸው ለሚያፈስ ጎረቤቶቻችን ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ለደብረ ብርሃን ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዘንድሮ ግን ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ከነዋሪዎች አንድ ጥያቄ ቀረበልን። ይኸውም፦ «ሰው አታሎ መኪና የሸጠ ነጋዴ ለበዓል በግ ቢሰጠን እንቀበል ወይስ እንመልስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቢሆንም ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

መኪና መሸጥ ከሌላው ንግድ ይለያል። በበርበሬ ሚዛን የተጭበረበረ ሰው የሚጎዳው ለአንድ ሰሞን ነው። መኪና የሚገዛ ሰው ግን የዓመታት ጥሪቱን፣ የዕቁቡን ዕጣ፣ አንዳንዴም የበሬዎቹን ዋጋ ይዞ ነው የሚመጣው። ቀብድ ከፍሎ ወራት ይጠብቃል። ሞተሩ ውስጥ ገብቶ አያይም። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደሆነ፣ የሊብሬው ቁጥር ከሻንሲው ጋር ይገጥም እንደሆነ ከገዢው ይልቅ የሚያውቀው ሻጩ ነው። የጣርማ በርን ቁልቁለት የወረደ፣ ወደ አንኮበር የሚወስደውን ጠመዝማዛ መንገድ የነዳ ሁሉ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የፍሬኑን ጉድለት ደብቆ የሸጠ ሰው የተሳፋሪውን ነፍስ አብሮ ሸጧል። ታዲያ ይህ ሰው ለዓመት በዓል ሁለት በግ ቢሰጥ፣ በጎቹ ምኑን ያካክሳሉ?

እምነት የንግድ ሥር መሆኑን አገራችን ከሌላ አልተማረችም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ከግርጌዋ ያለችው አልዩ አምባ ከሐረር በኩል የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አሞሌ ጨው ቆጥሮ ሲገበያይ ያስተማመነው ቃል ነበር። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክም፣ በክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱ አልቆ ሕዝቡ ሲራብ፣ ዶማ አንሥተው በገዛ እጃቸው መቆፈራቸው በታሪክ ተጽፏል። ንጉሡ ዶማ ከያዙ መኳንንቱ እጃቸውን አጣጥፈው መቆም ይችሉ ነበር? በቤተሰብ ንግድም እንዲሁ ነው። አባት የመኪናውን ጉድለት ለገዢው በግልጽ ሲናገር ልጁም፣ መካኒኩም፣ ደላላውም ይማራሉ። አባት ሲዋሽም ይማራሉ።

በዘመናችን ምሳሌ የሚሆን አላጣንም። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታ በ1988 ዓ.ም.፣ በሲድኒ በ1993 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ወርቅ ካመጡ በኋላ፣ በሩጫ ያገኙትን ገንዘብ አገራቸው ላይ በሥራ አዋሉት። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዓለም ጥላሁን ጋር ያቋቋሙት ድርጅት የሁለቱንም ስም የያዘ ነው። ሻለቃ ኃይሌ ከሸሪኮቻቸው ጋር የመሠረቱት ማራቶን ሞተር ደግሞ የሁንዳይ መኪናዎችን ከማስመጣት አልፎ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ከፈተ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ገጣጥሞ አሳየ።

እኛን ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን ግን ሌላው ሥራቸው ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ 10,000 ያህል ሰው የተሳተፈበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሲመሠረት ሻለቃ ኃይሌ ግንባር ቀደም ነበሩ። ሩጫው በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ ይሰበሰብበታል። ሕዝቡ ቲሸርቱን ገዝቶ፣ ላቡን ጠብ አድርጎ ይሳተፋል። ስጦታው ከአንድ ባለጸጋ ኪስ ብቻ የሚመዘዝ አልሆነም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይኼ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?

ከውጭም አንድ እንጥቀስ። በህንድ አገር የታታ ቤተሰብ በ1860 ዓ.ም. ግድም የጀመረው ንግድ ዛሬ የታወቁ መኪናዎችን የሚሠራ ድርጅት ጭምር ያቀፈ ነው። የዋናው ኩባንያ አክሲዮን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በበጎ አድራጎት ተቋሞች እጅ ነው። ትርፍ ሲከፋፈል የእነርሱ ድርሻ ለትምህርት፣ ለሕክምናና ለመሳሰለው ይውላል። ይህ በበዓል ሰሞን በባለቤቱ ደግ መሆን ወይም መቆጣት የሚወሰን አይደለም፤ ከመሠረቱ በሕግ የታሰረ ነው። የሰፈራችን ነጋዴ የታታን ያህል ይስጥ አንልም። ትንሽም ብትሆን ቀኗ የታወቀች፣ በየዓመቱ የማትቀር ብትሆን ግን እቅድ ለማውጣት ታስችለናለች።

ነገሩ ለከተማችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዛሬ ተሽከርካሪ የሚገጣጠምባት ከተማ ሆናለች። መንግሥትም በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ገበያው ተስፋፍቷል። አብዛኛው ገዢ ስለ ሞተር ትንሽ ትንሽ ያውቅ ነበር፤ ስለ ባትሪ ግን ገና ተማሪ ነው። የባትሪውን ዕድሜ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ በብርድ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ እውነቱን መንገር የሻጩ ፈንታ ነው። የነዳጅ መኪና የገዙ የድሮ ደንበኞችም መለዋወጫ አጥተው መንገድ ላይ መቅረት የለባቸውም። ለአንድ መኪና ሻጭ ቤተሰብ ከዚህ የበለጠ ምጽዋት የለም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። ኮሚቴው ተነጋግሮበት የደረሰበት ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ወሬ ተሰማ ተብሎ የማንም ነጋዴ ስጦታ አይመለስም። በወሬ ሰው መኮነን ራሱ ግፍ ነው። ነገር ግን ተበደልኩ የሚል ገዢ በስሙ ቀርቦ ካመለከተ፣ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ሻጩ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ ገዢውን ይካስ፤ በጉን ከዚያ በኋላ በደስታ እንቀበላለን። ከተበዳይ ኪስ የወጣ ገንዘብ ለሌላ ድሀ ሲሰጥ ድሀውንም የበደሉ ተካፋይ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፣ ጋራዥና መሸጫ ያላቸው ቤተሰቦች ከገንዘብ ሌላ ሙያ እንዲሰጡን እንጠይቃለን። ሥራ ፈትቶ ጥግ ይዞ የሚውል የሰፈር ልጅ ጋራዥ ገብቶ ቢማር፣ ለዘንድሮ ብቻ የሚሆን እርዳታ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ይበላበታል። ሌሊት በሽተኛ ሲያጋጥም፣ ወላድ ስትያዝ መኪናቸውን ይዘው የሚደርሱትንም በዚሁ አጋጣሚ እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ራሳችንን የሚመለከት ነው። የተቀበልነው ሁሉ በደረሰኝ ይሁን። ከማን ምን እንደተገኘ፣ ለምን እንደዋለ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የተረጂዎች ስም ግን አይለጠፍም፤ ድህነት ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ብርድ ልብስ የተቀበለች እናት ከሰጪው ጎን ቆማ ፎቶግራፍ ትነሣ የሚል ካለም ከወዲሁ አይሆንም እንላለን። ነጋዴውን ሐቅ እየጠየቅን የራሳችንን ሒሳብ ብንደብቅ ማን ይሰማናል?

የንግድ ቤት ስም በልጅ ልጅ ይወረሳል። ስም ደግሞ ከመቃብር በላይ ይውላል። ዛሬ በመሸጫው በር ላይ በትልቅ ፊደል የተጻፈው ስም ነገ በገዢው አፍ ሲነሣ ምርቃት ይሁን እርግማን የሚወስነው በዓል ሲመጣ የሚታረደው በግ አይደለም፤ ቁልፉ ከሻጭ እጅ ወደ ገዢ እጅ ሲያልፍ የተነገረው ቃል ነው።

ደብዳቤው በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል። ነዋሪዎች በስብሰባው ቀን ተገኝታችሁ ሐሳባችሁን ስጡን፤ የተሻለ ያለው ይንገረን። ክረምቱ አይጠብቀንም።