«ሆስፒታል እንውሰዳቸው» ያለውን ልጅ ለምን ዝም አሰኘነው?



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ሌላ ሰው ጥፋት አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው። እኛ ስንል የመስጂድ ሰዎች፣ ኪታብ የቀራን፣ ሰው ሲታመም «ኑ ቅሩበት» ተብለን የምንጠራ ማለታችን ነው።

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም መጋቢት ላይ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ረመዳን ሊገባ ሳምንታት ቀርተውታል። ኮሮና አገራችን ከገባ ዓመት ሞልቶታል፤ የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በዚያ ዓመት ተራዊሕን በየቤታችን ሰግደን ዒዱንም ከቤት ያሳለፍነውን ታስታውሳላችሁ። በዓመቱ ግን ሰዉ ተሰላችቶ ነበር። ሶፉ ተጠጋግቷል፣ ማስኩ ኪስ ገብቷል፣ «ኮሮና የአዲስ አበባ በሽታ ነው» የሚለው ወሬ በየሻይ ቤቱ ይሰማል። በሽታው ግን በዚያው ወር በአገሪቱ ውስጥ እየበረታ ነበር።

ከጀማዓችን አንድ አባት ለሳምንት ያህል ጉንፋን ያዛቸው። ሳል፣ ትኩሳት፣ ድካም። ፌጦ ጠጡ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አፈሉላቸው። ሆስፒታል ግን አልሄዱም። ምክንያቱን ለልጆቻቸው ነግረዋቸዋል፤ «ኮሮና ነው ብለው ለብቻዬ ይዘጉብኛል፤ ብሞትም ጀናዛዬን የሚሸኝ አላገኝም»። ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት የታመመ ሰው ቤት ላለመሄድ ሰበብ ስንደረድር የነበርን ብዙዎች ነን። ደም ግፊትም ነበረባቸው፤ ኪኒኑን የሚውጡት ሲብስባቸው ነበር፣ ሲሻላቸው ይተዉታል።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ደረታቸውን ያዙ። «ጨጓራዬ ነው» አሉ። ላብ አጠመቃቸው። ብዙም ሳይቆይ ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። አንዱ «መጋኛ ነው» አለ፣ ሌላው «ዓይን ነው»፣ ሌላው «ጂን ነው»። እኛ ተጠራን። ሄድንና መቅራት ጀመርን። 12ኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ «ሆስፒታል እንውሰዳቸው፣ ባጃጅ ልጥራ» ይላል። «ቆይ ልጄ፣ ቁርኣን እየተቀራ አታቋርጥ» አልነው። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግመን ዝም አሰኘነው። መግሪብ ሰገድን። ዒሻእ ሰገድን። ሆስፒታል የደረስነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ ደረታቸውን ከያዙ አምስት ሰዓት ሊሞላ።

ሐኪሙ ልባቸውም አንጎላቸውም በአንድ ጊዜ መመታቱን ነገረን። ኮሮናም ተገኘባቸው። በሦስተኛው ቀን ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው።

ልብና አንጎል በአንድ ቀን ይመታሉ ወይ ብለን ጠይቀን ነበር። የተረዳነውን እንዲህ እናካፍላችሁ። ቫይረሱ ሳንባን ብቻ አይነካም። የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ያቆስላል፣ ደሙም ከልኩ በላይ እንዲረጋ ያደርጋል። የረጋው ደም የልብን ሥር ሲዘጋ ሀርት አታክ ይሆናል፣ የአንጎልን ሲዘጋ ስትሮክ። አንዳንዴም የተመታው ልብ ደሙን በወጉ መግፋት ሲያቅተው ውስጡ ደም ይረጋና ተቆርሶ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ብርቅ ነው፤ ሲመጡ ግን ከባድ ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች 86,742 የኮሮና ታማሚዎችን አጥንተው እ.ኤ.አ በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ በሽታው በያዘ በመጀመሪያው ሳምንት የሀርት አታክም የስትሮክም ዕድል ሦስት እጥፍ ገደማና ከዚያም በላይ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የኛ አባት የታመሙትም አንድ ሳምንት ነበር።

ሰዓቱን ልብ በሉልን። ለስትሮክ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጭንቅላት በሲቲ ስካን መታየት አለበት። ስትሮክ ከመድማትም ይመጣልና፣ ለሚደማ ጭንቅላት ደም ማቅጠኛ መስጠት ሰውን መግደል ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ሐኪሙን የሚያስጨንቀው ይኸው ነው፤ ልብን የሚያድነው አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «ለልብ ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» ብላችሁ አፉ ለተጣመመ ሰው ቤት ውስጥ አስፕሪን አትስጡ። ውሃም ምግብም አይቅመስ፤ ሊያንቀው ይችላል።

የልብን ሥር በቀጭን ቱቦ የሚከፍተው ሕክምና በአብዛኛው ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከዚህ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ። ባሕር ዳር እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከስማዳ ወይም ከላይ ጋይንት ገጠር በቃሬዛ የሚወጣ ታማሚ መንገድ ላይ ሰዓቱ ቢያልፍበት ዑዝር አለው። ከሆስፒታሉ በባጃጅ የደቂቃዎች መንገድ ላይ ሆነን አምስት ሰዓት ያቆየን እኛ ምን ዑዝር አለን?

ለተዕዚያ የመጣው ሁሉ «አጀላቸው ነው» ይል ነበር። እውነት ነው፤ አጀል አይቀድምም፣ አይዘገይም። ግን አጀሉ የእሳቸው ነው፤ አምስቱ ሰዓት የኛ ነው። የምንጠየቀውም ስለሱ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲሄዱ ሰርግ ላይ የወረርሽኙን ወሬ ሰምተው ሲመለሱ፣ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከቀደር መሸሽ መስሏቸው ነበር። ዑመር መመለሳቸውም ራሱ ቀደር መሆኑን በግመል እረኛ ምሳሌ አስረዷቸው፤ ለምለሙም ሸለቆ ደረቁም የአላህ ነው፣ እረኛ ግን ግመሎቹን ወደ ለምለሙ ይነዳል። ይህን ታሪክ መድረሳ ስንቀራ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል!

ከዚህ የሚቀርብም አለ። አቡ ዳውድ ከሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ሰዕድ ታመው ሳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋቸው መጥተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳርፈው ሕመሙ የልብ መሆኑን ነገሯቸው፤ ከሰቂፍ ጎሳ ወደሆነው ሐኪም ወደ ሓሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱም አዘዟቸው። በሰነዱ ላይ ዑለማዎች የተናገሩበት መሆኑን እናውቃለን። መታከም የታዘዘ መሆኑ ግን በሌሎች ሶሒሕ ሐዲሶችም የጸና ስለሆነ በዚህ ማንም አይከራከረንም። ለሰው ዱዓ ለማድረግ ከሳቸው የሚበልጥ ማን ነበር?

ሩቅያን አሳነሳችሁ የሚለን ወንድም እንደማይጠፋ እናውቃለን። አላሳነስንም። ሩቅያ ባጃጅ ውስጥም ይቀራል፤ ፋቲሓ ለመቅራት ፍራሽ ማንጠፍ አያስፈልግም። ዋግምትም ሱና ነው፣ ጊዜው ግን አፍ የተጣመመ ዕለት አይደለም። «ሆስፒታል ሄደን መድኃኒት ባይኖርስ?» የሚለንም አለ። ባይኖር ወደ ባሕር ዳር የሚልኩት እነሱ ናቸው፤ ቤት ከተቀመጠ ግን ማንም አይልከውም።

ልጁን ዐፉ በለን ብለነዋል። «እናንተን እንዴት እምቢ ልበል ብዬ ነው እንጂ ባጃጁ ውጭ ቆሞ ነበር» አለን።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ደረቱን የያዘ፣ ፊቱ ያዘነበለ፣ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተሳሰረበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ እኛም ብንሆን ቁሙ ብንላችሁ አትስሙን። ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ የሚውጠውን ኪኒን በፌስታል ይዛችሁ ውጡ፣ ጉንፋን ወይም ኮሮና ይዞት ከነበረም ለሐኪሙ ንገሩት። ባጃጅ ያላችሁ ወንድሞች ደግሞ ከጁሙዓ በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ስልካችሁን አስመዝግቡ፤ ሌሊት የምትነሡትን ለይተን ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን።